«ደግሞ ተጽፎአል»፦ የእግዚአብሔርን ቃል አንብቦና ጸልዮ የማወጅ አሠራር

ሐዋሳ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነቃ ሰው ብቻውን አይነቃም። ዓሣ አጥማጆች ማታ የዘረጉትን መረብ ለመሰብሰብ ሐይቁ ላይ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ድምፅ ይመጣል። ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ለጠዋት ፈረቃ የሚሄዱ ልጆች ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው ይቻኮላሉ። እኛ በምንኖርበት ዓይነት ግቢ፣ አራትና አምስት ተከራይ በስስ ግድግዳ በሚዋሰንበት፣ ከአንዱ ክፍል የጸሎት ድምፅ መስማትም የተለመደ ነው። «አውጃለሁ! አውጃለሁ!» ይላል ድምፁ። ምን እንደሚያውጅ ግን ብዙ ጊዜ አይለይም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚያ ድምፅ ባለቤት ነው፤ እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ስጸልይ ኖሬአለሁና። ድምፁን ዝም ለማሰኘት አይደለም። ቃሉን ድምፅ አውጥቶ መናገር የደከመን ልብ ያነሣል፤ ልጆችም ሳያውቁት በጆሯቸው ይዘውት ያድጋሉ። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቃሉ ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት በጆሯችን ይግባ።

«አዋጅ» የሚለውን ቃል ራሱን እንመልከት። ድሮ ነጋሪት ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲባል፣ አደባባይ የቆመው ሰው አዋጅ ነጋሪ እንጂ የአዋጁ ባለቤት አልነበረም። ቃሉ የንጉሡ ነው። ነጋሪው ንጉሡ ያላለውን ከጨመረ የሚጠየቀው በራሱ አንገት ነው። ዛሬም የአገራችን ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ነጋሪት ጋዜጣ ይባላል። በአዲስ ኪዳን «መስበክ» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃልም መነሻው ይኸው የአዋጅ ነጋሪ ሥራ ነው። ስለዚህ ቃሉን ማወጅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ወደ ንጉሡ ቀርቦ የተባለውን በትክክል መስማት አለበት። ድምፅ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህን የተማርሁት በቀላሉ አይደለም። በወጣትነቴ ሥራ ስፈልግ ኤርምያስ 29፥11ን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ከበሩ ጀርባ ለጥፌው ነበር፦ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።» ሦስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ አወጅሁት። ከዚያ ተፈተንሁ፤ ወደቅሁ። ለሳምንታት መጸለይ አቃተኝ፤ የተታለልሁ መሰለኝ። ምዕራፉን ከቁጥር 1 ጀምሬ ያነበብሁት ያን ጊዜ ነው። ለካ ደብዳቤ ነው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም፣ ተማርከው ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች የላከው። ቁጥር 5 ቤት ሥሩ፣ አታክልት ትከሉ ይላቸዋል። ቁጥር 7 ስለ ተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። ቁጥር 10 ደግሞ የሚመለሱት ሰባ ዓመት ሲፈጸም መሆኑን ይነግራቸዋል። ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት አዋቂዎች አብዛኞቹ ያን መመለስ በዓይናቸው አያዩትም ማለት ነው። ተስፋው እውነት ነበር። እኔ ነኝ ሰባውን ዓመት ዘልዬ ፍጻሜውን ብቻ ገምጬ የወሰድሁት።

ከመጀመራችሁ በፊት

የወረቀት መጽሐፍ ቅዱስ፣ ደብተርና እስክሪብቶ በቂ ናቸው። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አኑሩት፤ ሌላ ክፍል ከሌላችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ ከዓይናችሁ አርቁት። ብዙዎቻችን በቃል የምናውቀው የ1954 ዓ.ም.ን ትርጉም ነው፤ አዲሱ መደበኛ ትርጉም አጠገቡ ቢኖር አንዱ ያልበራላችሁን ሌላው ያበራዋል። ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው በዚያው ቋንቋ ያንብብ፤ ሰው ሲያለቅስ በሚያለቅስበት ቋንቋ ነው መጸለይ ያለበት።

አንድ ጥቃቅን የምትመስል ነገር፦ በኦርቶዶክስ ዳዊትና በሌላው ኅትመት መካከል የመዝሙራት ቁጥር ብዙ ቦታ ላይ በአንድ ይለያያል። ዳዊት ስለ ኃጢአቱ ምሕረት የለመነበት መዝሙር በአንዱ 50 ሲሆን በሌላው 51 ነው። ከጎረቤታችሁ ጋር ስታነቡ ይህን ካላወቃችሁ ትደናገራላችሁ። እኔ እዚህ የምጠቀመው ሁለተኛውን ቁጥር ነው።

ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ይሁን። ሰዓቱን የሚወስነው ኑሯችሁ ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደክሞ ሲገባ ይጸልይ ዘንድ አላስገድደውም፤ ከእንቅልፉ ሲነሣ የእርሱ ማለዳ ያን ጊዜ ነው።

1. ጥቅስ ሳይሆን ምዕራፍ ምረጡ

በሥዕል አጊጦ በስልክ የሚላክ ጥቅስ መነሻ ሊሆን ይችላል። ግን ያንን ጥቅስ ስታገኙ ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡ። አንድ ጊዜ ዝም ብላችሁ፣ አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ። ለጀማሪ መዝሙር 23፣ 27፣ 42፣ 103 እና 121 ጥሩ ናቸው፤ አጫጭር ናቸው፣ አብዛኛው ቃላቸውም የሰው ልብ ሊለው የሚፈልገው ነው።

2. በእጃችሁ ገልብጡት

ዘዳግም 17፥18 ንጉሥ በዙፋኑ ሲቀመጥ ሕጉን ለራሱ በመጽሐፍ እንዲጽፍ ያዝዛል። ጸሐፊ የማያጣ ሰው በገዛ እጁ ይጻፍ ተባለ። ምክንያቱን የምታውቁት ስትሞክሩት ነው፤ እጅ ከዓይን ይልቅ ቀርፋፋ ስለሆነ ዓይን የዘለለውን ቃል እጅ አይዘልለውም። ረጅም ምዕራፍ ከሆነ ልባችሁን የነካውን ክፍል ከአምስት እስከ አሥር ቁጥር ገልብጡ። ከሥሩ ሁለት መስመር ተዉና እነዚህን መልሱ፦ ማን ነው የሚናገረው? ለማን ነው የተነገረው? መልሱን ካላወቃችሁት ወደ ኋላ አንድ ምዕራፍ ተመለሱ።

3. የቃሉን ዓይነት ለዩ

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ በርጋታ እንሂድ።

ስለ እግዚአብሔር ማንነት የሚናገር ቃል አለ፦ መሓሪ ነው፣ ቅርብ ነው፣ አይተኛም። ይህ በማንኛውም ቀን፣ በማንም አፍ ሊታወጅ ይችላል። ጸሎት የሆነ ቃል አለ፤ እርሱን መጸለይ ነው። ትእዛዝ የሆነ ቃል አለ። «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» የሚለውን ሮሜ 12፥18ን እያወጁ ከጎረቤት ጋር ተኳርፎ መክረም አይቻልም፤ ትእዛዝ የሚታወጀው በእግር ሄዶ በመታረቅ ነው፣ ያውም ከመምሸቱ በፊት።

ተስፋ የሆነ ቃል ሲሆን ለማን እንደተሰጠና ምን እንደተያያዘበት ተመልከቱ። የኤርምያስን ደብዳቤ እኛም ልንጸልየው እንችላለን፤ የጻፈው አምላክ ያው ነውና። ነገር ግን የወሩን የሥራ ፈተና ውጤት እንዲናገር አናስገድደውም።

ታሪክ የሆነ ቃል ከሁሉ ይከብዳል። ጠዋት ወደ ዓሣ ገበያው ወደ አሞራ ገደል ወርዶ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ቅሪት ሲጠብቁ፣ ሰዎች መረብ ሲያራግፉና ሲያጥቡ ያየ የሐዋሳ ሰው ሉቃስ 5ን ለማየት ዓይኑን መጨፈን አያስፈልገውም። ስምዖን ሌሊቱን ሁሉ ደክሞ አንድ ስንኳ አልያዘም፤ መረቡን እያጠበ ነው። ኢየሱስ ወደ ጥልቁ ፈቀቅ በል አለው። «ነገር ግን በቃልህ መረቦቹን እጥላለሁ» አለ። መረቡ እስኪቀደድ ሞላ። በንግድ ላይ ያሉ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ክፍል ይወዱታል፤ «መረቤ ይሞላል!» ብለው ያውጁታል፤ ቁጥር 7 ላይም ያቆማሉ። ቁጥር 8ን አንብቡ። ስምዖን በዓሣው አልጨፈረም፤ በኢየሱስ ጉልበት ላይ ወድቆ ኃጢአተኛ ሰው ነኝ አለ። ቁጥር 11ን አንብቡ። ታንኳዎቹን ወደ ምድር አድርሰው፣ ሁሉን ትተው ተከተሉት። በሕይወታቸው ካጠመዱት ሁሉ የሚበልጠው ዓሣ ዳር ላይ ቀረ።

ታዲያ ይህን ታሪክ እንዴት እንጸልየው? የእኛ የሚሆነው የስምዖን ዓሣ ሳይሆን የስምዖን ቃል ነው። ደክሟችሁ፣ ትናንት የሞከራችሁት ባዶ ሆኖ በተነሣችሁበት ጠዋት እንዲህ በሉ፦ «ጌታ ሆይ፣ ሌሊቱን ሁሉ ደክሜአለሁ፤ ነገር ግን በቃልህ ዛሬም ሱቁን እከፍታለሁ። በሚዛን አላጭበረብርም። ቢሞላም ባይሞላም እከተልሃለሁ።» ይህ አዋጅ ነው፤ ያውም ከባዱ።

4. «ደግሞ ተጽፎአል» ብላችሁ ፈትኑት

በማቴዎስ 4 ሰይጣን ኢየሱስን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ ወደ ታች ራስህን ወርውር ሲለው ጥቅስ ጠቀሰለት። መዝሙር 91 ነው፤ ዛሬም በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የምናየው መዝሙር። ጥቅሱ ትክክል ነበር፤ አጠቃቀሙ ግን ጠማማ ነበር። ኢየሱስ መዝሙሩ ስሕተት ነው አላለም። «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው ተብሎ ደግሞ ተጽፎአል» አለው። አንዱን ቃል በሌላው ቃል አስተካከለ። ይህን መልስ በደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልታውጁት ካሰባችሁት ቃል ትይዩ፣ ስለዚያው ጉዳይ የሚናገር ሌላ ክፍል ፈልጋችሁ ጻፉ። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን ፊልጵስዩስ 4፥13 ከያዛችሁ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሁለት ቁጥር ወደ ላይ ውጡ። ጳውሎስ እስራት ላይ ሆኖ፣ መጥገብንም መራብንም ተምሬአለሁ እያለ ነው። እችላለሁ ያለው ባዶ ሆድንም ጭምር ነው።

ስለ በሽታ በተለይ ልናገር፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት ኃጢአት ይመስለኛል። «በእርሱም ቁስል እኛ ተፈወስን» የሚለውን ኢሳይያስ 53፥5ን የማያውቅ የጸሎት ቡድን የለም። አውጁት፤ እኔም በታመምሁ ጊዜ አውጀዋለሁ። ደግሞ ግን ተጽፎአል። ይኸው ኢሳይያስ በምዕራፍ 38፥21 ለታመመው ንጉሥ ለሕዝቅያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ፤ ያውም እግዚአብሔር እንደሚፈውሰው ተናግሮ ሳለ። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህ ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ አለው። ጥሮፊሞስን ታሞ ሳለ በሚሊጢን ተወው። ሉቃስን የተወደደ ባለ መድኃኒት ብሎ ጠራው። የማውቃት አንዲት እናት፣ ክኒን መዋጥ አለማመን ነው ብለው ሰዎች ስላሳመኗት የደም ግፊት መድኃኒቷን አቆመች፤ ብዙም ሳትቆይ በሰው ሸክም ሆስፒታል ገባች። እግዚአብሔር አትርፏታል። ያን ምክር የሰጧት ግን በእግዚአብሔር ስም ያልተላኩበትን አዋጅ ነገሩ። እባካችሁ፦ ቃሉን እያወጃችሁ ክኒኑን ዋጡ። መድኃኒት የሚቆመው ባዘዘው ሐኪም ቃል ነው።

ለእገሌ ቃል አለኝ፣ ግን መጀመሪያ ገንዘብ ላክ የሚልም ካጋጠማችሁ በሐዋርያት ሥራ 8፥20 ጴጥሮስ ለሲሞን የሰጠውን መልስ አንብቡና በዚያው ጨርሱ።

5. ድገሙት

ከልጅነቴ ጀምሮ አብረን በአንድ ግቢ የኖርን አንዲት ኦርቶዶክሳዊት እናት ነበሩ። ማለዳ ነጠላቸውን ተከናንበው ዳዊት ይደግማሉ። እኔ የማነበው በዓይኔ ብቻ መሆኑን አይተው አንድ ቀን «ልጄ፣ ዳዊት ይደገማል እንጂ አይታይም» አሉኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ኢያሱ 1፥8 እና መዝሙር 1፥2 ሕጉን በቀንና በሌሊት ስለማሰብ ይናገራሉ። በዕብራይስጥ የተጻፈው ቃል «ሐጋህ» ነው፤ ዝም ብሎ በልብ ማሰብ ብቻ አይደለም፤ በአፍ ማጉረምረም፣ ማንሾካሾክ ነው። ይኸው ቃል በኢሳይያስ 31፥4 አንበሳ በንጥቂያው ላይ ለሚያሰማው ድምፅ፣ በኢሳይያስ 38፥14 ደግሞ ለርግብ ማጉረምረም ገብቷል። ለዚህም ነው ኢያሱ የሕጉ መጽሐፍ «ከአፍህ አይለይ» የተባለው። የኛ ቋንቋ «ዳዊት መድገም» ሲል ይህን ከጥንት ይዞታል። «ደግሞ» የምንለው ቃል ራሱ የ«ደገመ» ዘር ነው።

ስለዚህ የጻፋችሁትን ክፍል በዝቅተኛ ድምፅ፣ ቀስ እያላችሁ፣ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ድገሙት። በየዙሩ አንድ ሌላ ቃል ላይ ቁሙ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ስትሉ መጀመሪያ «እግዚአብሔር» ላይ፣ ቀጥሎ «እረኛዬ» ላይ፤ እረኛ ብቻ አይደለም፣ የእኔ ነው። መጨረሻ «ነው» ላይ፤ ነበር አላለም። እንጀራ እየጋገሩም ሊደገም ይችላል። ምጣዱ እስኪሰማ፣ አክንባሎው እስኪነሣ ድረስ አንድ ቁጥር ይበቃል። የአንድ ዓመት ልጅ ያላት እናት ሠላሳ ደቂቃ ከየት ታመጣለች? በዚህ መንገድ ታመጣለች።

ጌታ በማቴዎስ 6፥7 «በከንቱ አትድገሙ» ማለቱን አልዘነጋሁም። ከንቱ የሚያደርገው ቁጥሩ አይደለም፤ በቃላችን ብዛት እግዚአብሔርን እናንቀሳቅሰዋለን ብሎ ማሰብ ነው። እኛ የምንደግመው እርሱ እንዲሰማ ሳይሆን እኛ እንድንሰማ ነው። «እምነት ከመስማት ነው» ተብሏል፤ የገዛ አፋችንን የሚሰማ የመጀመሪያው ጆሮ የራሳችን ነው።

6. ወደ ጸሎት መልሱት

መዝሙር 23 ራሱ ያስተምራል። ከቁጥር 1 እስከ 3 ዳዊት ስለ እግዚአብሔር ይናገራል፦ እረኛዬ ነው፣ ይመራኛል፣ ነፍሴን መለሳት። ቁጥር 4 ላይ የሞት ጥላ ሲመጣ ንግግሩ ዞር ይላል፦ «አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉን አልፈራም።» ስለ እርሱ ከመናገር ወደ እርሱ መናገር አለፈ። ጨለማው ሲበዛ «እርሱ» የነበረው «አንተ» ሆነ። በየትኛውም ክፍል ይህን መዞር ፈልጉ፤ ከሌለ ራሳችሁ አዙሩት።

ዳንኤልን ደግሞ ተመልከቱ። በምዕራፍ 9፥2 ያንኑ የኤርምያስን የሰባ ዓመት ቃል አነበበ። ዘመኑ እየደረሰ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ወዲያው ተነሥቼ «ነጻ ወጥተናል!» እል ነበር። እርሱ ግን ማቅ ለብሶ፣ በአመድ ላይ ሆኖ፣ በጾምና በልመና ፊቱን ወደ እግዚአብሔር አቀና፤ በድለናል ብሎ ስለ ሕዝቡ ተናዘዘ። ተስፋው እርግጥ መሆኑ ከጸሎት አላሳረፈውም፤ ይልቁንም ወደ ጸሎት አስገባው።

በደብተራችሁ ሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። የመጀመሪያው ቃሉ ስለ እግዚአብሔር የሚለውን፣ ሁለተኛው የምትለምኑትን፣ ሦስተኛው ዛሬ የምታደርጉትን ይያዝ። የቤት ኪራይ ቀን ደርሶ ገንዘብ ለጎደለው ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፤ የሚያሳጣኝም የለም። አባት ሆይ፣ ኪራዩ ሐሙስ ይደርሳል፤ ያለኝ እኩሌታው ነው፤ አንተ ታያለህ፤ የምከፍለውን ስጠኝ፣ ከፍርሃትም አውጣኝ። ዛሬ ከሥራ መልስ አከራዬ እትዬ ዘንድ ገብቼ ያለኝን ሰጥቼ፣ የቀረውን በስንት ቀን እንደማመጣ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ በጓሮ በር አልሸሽም።»

ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ሲጠፋ አዋጁ አየር ላይ ይቀራል። እኔ ጋ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እርሱ ነው።

7. አሁን አውጁ

ቁሙ። ተቀምጦም ይቻላል፣ ግን የቆመ ሰው ትንፋሹ ይሞላል። መጀመሪያ የመጽሐፉን ቃል እንደተጻፈ፣ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ አንብቡ፤ ቀጥሎ ሦስቱን ዐረፍተ ነገር ተናገሩ፤ አሜን በሉና ለአንድ ደቂቃ ዝም በሉ። ያ ዝምታ የጸሎቱ ክፍል ነው፤ አትዝለሉት።

ድምፃችሁ ለጎረቤት ሳይሆን ለራሳችሁ ጆሮ የሚበቃ ይሁን። ግድግዳ የምትጋሩት ሰው ከሌሊት ሥራ ገብቶ ተኝቶ ይሆናል፤ ከታናናሾች የአንዱን እንቅልፍ የነጠቀ አዋጅ ፍቅርን አይነግርም። ጌታም እልፍኝህ ግባና መዝጊያህን ዘግተህ ጸልይ ብሏል። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ መጸለይ ከፈለጋችሁ ከተማችን ቦታ አላጣችም። በማለዳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሰው ሳይበዛ እየተራመዱ መጸለይ ይቻላል። ታቦር ተራራ ላይ ከወጣችሁ ከተማውና ሐይቁ በአንድ ጊዜ ይታያሉ፤ እዚያ ሆኜ ኤርምያስ 29፥7ን ይዤ ስለ ሐዋሳ ሰላም እጸልያለሁ፣ ሰፈር በሰፈር። መዝሙር 89፥12 «ታቦርና አርሞንኤም በስምህ ደስ ይላቸዋል» ይላል። የመዝሙሩ ታቦር በገሊላ ያለው መሆኑን አውቃለሁ፤ የኛው ተራራ ስሙን ተውሶታል፤ እኔም መዝሙሩን በእርሱ ላይ ሆኜ እዋሳለሁ። ብቻችሁን ግን ጨለማው ሳይገፈፍ አትውጡ።

8. ከሌሎች ጋር

የሐዋርያት ሥራ 4፥23-31 ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ተዝቶባቸው ተፈቱ፤ ወደ ወገኖቻቸው መጥተው የሆነውን ነገሩ። ወገኖቻቸውም በአንድ ልብ ወደ እግዚአብሔር ድምፃቸውን አነሡ፣ መዝሙር 2ን ጠቀሱ፣ የደረሰባቸውን በመዝሙሩ ውስጥ አዩት፣ ከዚያ ለመኑ። ልመናቸውን ልብ በሉ፦ ዛቻው ይወገድ አላሉም፤ ቃልህን በግልጥ እንድንናገር ስጠን አሉ።

እኛ በቤት ኅብረታችን በቡና ነው የምናደርገው። አቦል ሲቀዳ አንድ ሰው ብቻ ምዕራፉን ያነባል፤ ሁላችንም አንድ ላይ ድምፅ ማሰማት ለጸሎት ይሆናል፣ ንባብ ግን አንድ አፍና ብዙ ጆሮ ይፈልጋል። እስከ ቶና ድረስ እያንዳንዱ ያስተዋለውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራል፤ ከአንድ በላይ አንፈቅድም፣ አለዚያ አንድ ሰው ይሰብክና ሌላው ይተኛል። በቶና የየራሳችንን ችግር እንናገራለን። በረካ ላይ እንጸልያለን። ከሰባትና ስምንት ሰው በላይ ከሆንን ለሁለት እንከፈላለን። በሌላ ሰው ሕይወት ላይ «እግዚአብሔር እንዲህ ይልሃል» ብሎ ቀን መቁረጥ፣ ጋብቻ መወሰን፣ የጉዞ ቪዛ መስጠት በመካከላችን አይፈቀድም።

መልስ ሳይመጣ ሲቀር

ይመጣል ያላችሁት ሳይመጣ ወር ሲያልፍ ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ። ምዕራፉን ቀይሩ። መዝሙር 13ን ክፈቱ፤ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፤ «እስከ መቼ» እያለ ደጋግሞ ይጮኻል፣ ከዚያ ይለምናል፣ ከዚያ በምሕረትህ ታመንሁ ይላል። መዝሙር 88ን ክፈቱ፤ እርሱ በጨለማ ይዘጋል፣ መጨረሻው ላይ ምንም ብርሃን አልተጨመረለትም። እንዲህ ያለ ጸሎት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መቀመጡ እኔን ከብዙ ስብከት ይልቅ አጽናንቶኛል። ለቅሶ ቤት ስትሄዱም ከኢዮብ ጓደኞች መጀመሪያ ያደረጉትን ውሰዱ፦ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በምድር ተቀመጡ፣ አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

በማርቆስ 9 የታመመ ልጁን ወደ ኢየሱስ እንዳመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ማለትም ሙሉ አዋጅ ነው። ኢየሱስ ያን ሰው እምነትህን አጠንክረህ ተመለስ አላለውም፤ ልጁን አዳነለት።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሰኞ መዝሙር 23ን ሁለት ጊዜ አንብቡና ገልብጡት፤ ሌላ ምንም አትጨምሩ። ማክሰኞ ማን ለማን እንደሚናገር ጻፉ፣ ንግግሩ የሚዞርበትን ቁጥር 4ን አስምሩበት። ረቡዕ ትይዩ ክፍል ፈልጉ፤ ዮሐንስ 10ን እመክራለሁ፣ መልካሙ እረኛ ነፍሱን የሚያኖርበትን። ሐሙስ ድገሙት፣ ሥራ ላይም፣ ባጃጅ ውስጥም፣ በከንፈራችሁ ብቻ። ዓርብ ሦስቱን ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ቅዳሜ ቁሙና አውጁት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብተሩን ገልጣችሁ የዓርቡን ሦስተኛ ዐረፍተ ነገር ፈልጉ፤ አድርጋችሁት ከሆነ ቀኑን ከጎኑ ጻፉ፣ ካላደረጋችሁት በዚያው ቀን ሂዱና አድርጉት። ከዚያ አዲስ ገጽ አውጥታችሁ ከላዩ «መዝሙር 27» ብላችሁ ጽፋችሁ ለሰኞ ተዉት።